የምራቂ ክስ

ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ምራቂን ያውቃል። ሻጩ በርበሬውን በጣሳ ለክቶ ከሰፈረ በኋላ አንድ ጭብጥ ጣል ያደርግበታል፤ ገዢውም ደስ ብሎት ይሄዳል። በምራቂ ምክንያት ችሎት የቆመ ባለሱቅ አላየንም። ይሁን እንጂ በ1998 በአሜሪካ አንድ ታላቅ ኩባንያ የተከሰሰው በምራቂ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ያነሳነው ያለምክንያት አይደለም። የጉዞ ፈቃድ ባገኘንበት ሳምንት ለዚህች መጽሔታችን ወረቀት ልንገዛ ናይሮቢ ሄደን፣ ኪሊማኒ ከወገኖቻችን ቤት አድረን ነበር። በማግስቱ በአንድ ሳይበር ቤት አንዲት እናት ልጁን፣ «አንተ ልጅ፣ ያችን ባለአራት ቀለም ክብ ንካልኝ፤ ኢንተርኔቷን!» ሲሉት ሰማን። ልንስቅ ቃጣን፤ ግን አፈርን። እኛም በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን ኢንተርኔት ማለት በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ ያለችው ሰማያዊ ፊደል ናት ተብለን ተምረናል። ተመርቀንም ያንኑ ለተማሪዎቻችን አስተማርን። ስሕተት ነበር።

ለመሆኑ ነገሩ ምንድነው? ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮምፒዩተሩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም ነው፤ ያለእርሱ መሣሪያው ብረትና ፕላስቲክ ነው። ብራውዘር ግን የኢንተርኔትን ገጽ የሚያሳይ ሌላ ፕሮግራም፣ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። በ1994 ኔትስኬፕ የተባለ ኩባንያ ብራውዘሩን አውጥቶ ገበያውን ያዘ። የዊንዶውስ ባለቤት ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተባለውን የራሱን ብራውዘር አመጣ፤ ዋጋም አልጠየቀበትም። ከዊንዶውስ ጋር መረቀው።

በሰፈሩ ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ነው እንበል። ባለወፍጮው እህል ላስፈጨ ሁሉ በርበሬ በነፃ ቢመርቅ ማን ይጠላል? በርበሬ ነጋዴዋ ግን ሱቋን ትዘጋለች። ከዚህም አልፎ ባለወፍጮው ለባለአህዮቹ፣ «የሌላ ሰው በርበሬ የጫነ እህሉን አልፈጭለትም» ቢል ነገሩ ከምራቂነት ይወጣል። ማይክሮሶፍትም ኮምፒዩተር ሠሪዎችን የኤክስፕሎረርን ምልክት እንዳያነሱ በውል አስሯቸው ነበር። የእርሱ ወፍጮ በዚያን ጊዜ ከመቶ 90 በላይ የሆኑትን የግል ኮምፒዩተሮች ያንቀሳቅስ ነበርና እምቢ ያለ ሠሪ የት ይሄዳል?

የአሜሪካ መንግሥትና በርካታ ክፍለ ግዛቶች በግንቦት 1998 ከሰሱ። የተጠቀሰው ሕግ የ1890ው የሸርማን ሕግ ነው። ዳኛ ቶማስ ፔንፊልድ ጃክሰን በሰኔ 2000 ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ። ይግባኝ ሰሚው ችሎት በ2001 ሞኖፖሉን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል የሚለውን አጽንቶ መክፈሉን ሻረ፤ ዳኛው ጉዳዩ ሳያልቅ ለጋዜጠኞች ማውራታቸውንም ነቀፈ። ነገሩ በስምምነት አለቀ። ኔትስኬፕ ግን ገና በ1998 መገባደጃ ለሌላ ኩባንያ ሊሸጥ ተስማምቶ ነበር። ፍርዱ ደረሰ፣ ባለጉዳዩ አልነበረም።

ኪሊማኒም የራሷ ታሪክ አላት። በየመንገዱ ዳር የምናያቸው የኤምፔሳ ወኪሎች በ2007 አገልግሎቱ ሲጀመር ለሳፋሪኮም ብቻ እንዲሠሩ በውል የታሰሩ ነበሩ። ተወዳዳሪው ኤርቴል አቤት አለ፤ በ2014 በኬንያ የውድድር ባለሥልጣን ግፊት ውሉ ተነሳ። ከኤምፔሳ ወደ ኤርቴል የስልክ ኪስ በቀጥታ ገንዘብ መላክ የተቻለው ደግሞ በ2018 ነው። ዛሬ በአንድ መስኮት ላይ አረንጓዴና ቀይ ቀለም ጎን ለጎን ይታያል።

በአገራችን ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በ2021 ሳፋሪኮም የመራው ቡድን 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ የቴሌኮም ፈቃድ ሲያገኝ የገንዘብ ማስተላለፍ ሥራ አልተፈቀደለትም፤ የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ግን በዚያው ዓመት ቴሌብርን ጀመረ። ኤምፔሳ ኢትዮጵያ የገባው በ2023 ነው። ናይሮቢ ላይ በር ክፈት የተባለው አዲስ አበባ ላይ በር አንኳኪ ሆነ። አናዝንለትም፤ የሚገርመን ግን በሁለቱም ከተሞች ደንበኛውን የጠየቀው አለመኖሩ ነው።

ካምፕስ? በ2015 የዓለም ምግብ ፕሮግራም በካኩማ የራሽኑን ከፊል «ባምባ ቻኩላ» በተባለው ዘዴ፣ በሳፋሪኮም ሲም ካርድ መስጠት ጀመረ። ከስንዴና ከዘይት ማማረጥ በመቻሉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሚገዛው ከተመረጡት ነጋዴዎች ብቻ ነበር። ራሽን፣ ሲምና ባለሱቅ በአንድ ገመድ ታሰሩ። ይህ በኩባንያ ሽኩቻ የመጣ ሳይሆን በእርዳታ አሠራር የመጣ ስለሆነ ከማይክሮሶፍት ክስ ጋር እኩል አናደርገውም። ሌላ ወፍጮ የሌለው ሰው ግን ልዩነቱን በቀላሉ አያየውም።

ያች ባለአራት ቀለም ክብ ክሮም ናት፤ የጉግል ብራውዘር። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግል ክሮምንና መፈለጊያውን ከአንድሮይድ ስልክ ጋር አስሯል ብሎ 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣው፤ ፍርድ ቤት በ2022 ጥቂት ቀነሰለት። ከ2024 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ ስልክ የከፈተ ሰው «የትኛውን ብራውዘር ትመርጣለህ?» ተብሎ ይጠየቃል። እኛ ከኪሊማኒ ለመጽሔቷ አንድ ስልክ ገዝተን መጥተናል። ስንከፍተው ቋንቋ ጠየቀን፣ ሰዓት ጠየቀን። ክቧ ግን ቀድማ ተቀምጣ ጠበቀችን።