ፌርሚ ማስተማርን ለምን አልተወም?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ፣ ጹንግ ዳዎ ሊ የተባለ ቻይናዊ የዶክትሬት ተማሪውን የፀሐይ መሀል ሙቀት ስንት እንደሚሆን ጠየቀው። ሊ አሥር ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው አለ። እንዴት እንዳወቀ ሲጠየቅ አንብቦ መሆኑን ተናገረ። ራስህ አስልተህ አረጋግጠሃል ወይ ሲባል ግን ስሌቱ የተወሳሰበ ነው ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። ፌርሚ በዚህ አላለፈውም። ሌላ ሰው ያሰላውን ሳይፈትሹ መቀበል አይገባም ብሎ፣ ለዚያ ስሌት ብቻ የሚያገለግል፣ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም ስላይድ ሩል አብሮት ሠራ። ስላይድ ሩል ካልኩሌተር ሳይመጣ መሐንዲሶች ያሰሉበት የነበረ ተንሸራታች ማስመሪያ ነው። የኖቤል ተሸላሚ ለአንድ ተማሪ ጥያቄ ይህን ያህል መድከሙ ጊዜ ማባከን ይመስላል፤ ብዙ ተመራማሪም ክፍል ውስጥ የሚያልፈውን ሰዓት ከቤተ ሙከራው እንደተነጠቀ ይቆጥረዋል። የፌርሚ ሕይወት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ለእሱ ማስተማር ራሱ የምርምሩ መንገድ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ሮም ነው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፌርሚ በ1926፣ በ25 ዓመቱ ፕሮፌሰር ሆነ። የፊዚክስ ተቋሙ ኃላፊ ኦርሶ ማሪዮ ኮርቢኖ ጎበዝ የምህንድስና ተማሪዎችን ወደ ፊዚክስ ይጠራ ስለነበር ኤሚሊዮ ሴግሬና ኤዶአርዶ አማልዲ በዚያው መጡ። ፓኒስፔርና ጎዳና ላይ ባለው ሕንፃ፣ ቀኑ ወደ ማታ ሲል ወጣቶቹ ፌርሚ ቢሮ ይሰበሰባሉ። የተሰናዳ ርዕስ የለም፤ አንዱ ጥያቄ ይጥላል፣ ፌርሚም ሰሌዳው ላይ ከሥሩ ጀምሮ ይሠራዋል። ኒውትሮን ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ አውጥቶ ወደ ፕሮቶን የሚለወጥበትን ንድፈ ሐሳብ በ1933 መጨረሻ ሲያበጅም አስቀድሞ ያስረዳው ለእነዚሁ ጓደኞቹ ነው። ኔቸር መጽሔት ጽሑፉን ከእውነታ የራቀ ነው ብሎ መለሰው፤ ዛሬ የቅንጣት ፊዚክስ መሠረት ከሆኑት ሥራዎች አንዱ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኒውትሮን በፓራፊን ውስጥ አልፎ ፍጥነቱ ሲቀንስ ኒውክለስን ይበልጥ እንደሚለውጥ ያገኙትም አብረው ነው። (ቡድኑ የተበታተነው በ1935 ሲሆን፣ አማልዲ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ፋሺስቶች አገራችንን ለመውረር ሲሰናዱ ጣልያን ላይ ያንዣበበው ድባብ ነው።)

ተማሪዎቹ ድሮም ጎበዞች ስለነበሩ መምህሩ ምን ጨመረላቸው የሚል ይኖራል። ጎበዞች እንደነበሩ አይካድም። ነገር ግን ጎበዝ ተማሪ የሚሠራው ሲያጣ ማየት የተለመደ ነው። ጃክ ስታይንበርገር ቺካጎ ውስጥ ንድፈ ሐሳብ ላይ መሥራት ፈልጎ የሚያጠናው ርዕስ አጣ። ፌርሚ በወቅቱ ያልተፈታ አንድ የሙከራ እንቆቅልሽ አመለከተው። ስታይንበርገርም ሚዩዎን የተባለው ቅንጣት ሲፈራርስ የሚወጣው ኤሌክትሮን ጉልበቱ አንድ ወጥ አለመሆኑን፣ ማለትም ጉልበቱን የሚካፈሉት ሦስት ቅንጣቶች መሆናቸውን አሳየ። እንዲህ የጀመረው ሰው በ1988 በኒውትሪኖ ሥራው ኖቤል ተሸለመ። ሊም፣ ኦዌን ቻምበርሌይንም፣ ጄሮም ፍሪድማንም ተሸልመዋል። ይህ ሁሉ ከአንድ መምህር ዙሪያ መውጣቱን በአጋጣሚ ማስረዳት ይከብደኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። ሁሉም አንድን ሰው የሚሰማበት ትምህርት ቤት የዚያን ሰው ስህተትም ይወርሳል። የሮሙ ቡድን ዩራኒየምን በኒውትሮን ሲመታ ከዩራኒየም የከበዱ አዳዲስ ንጥረ ነገሮች እንዳገኘ አመነ። ጀርመናዊቷ ኬሚስት ኢዳ ኖዳክ በ1934 ኒውክለሱ ለትላልቅ ስባሪዎች ተከፍሎ ይሆናል ብላ ጻፈች፤ አንዳቸውም አልተከተሏትም። ፌርሚ በ1938 ኖቤሉን ሲቀበል ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የተሳሳተ ግኝት ነበር፤ ኬሚስቶቹ ሃን እና ሽትራስማን ዩራኒየም መሰንጠቁን ያገኙት በዚያው ወር ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ የማታው ስብሰባ ከውጭ ለመጣ ጥርጣሬ በሩን ዘግቶ ነበር። ፌርሚ በኋላ ከሊ ጋር የሠራው ስላይድ ሩል ግን ያንኑ ጉድለት ይመለከታል፦ የማንንም ቁጥር፣ የመምህርህንም ቢሆን፣ ራስህ ፈትሽ። ሊ ይህን በእርግጥ ተምሯል። በ1956 ከፊዚሲስቱ ያንግ ጋር ሆኖ ተፈጥሮ ግራና ቀኝን አትለይም የሚለውን፣ ሁሉም ያመነበትን ሕግ ጠየቀ፤ ሙከራው ጥርጣሬያቸውን አረጋገጠ፣ በ1957ም ሁለቱ ተሸለሙ።

ፌርሚ ራሱም ምርምርንና ማስተማርን እስከ መጨረሻው አልነጣጠለም። በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ሳይክሎትሮን በተባለው የቺካጎው ቅንጣት ማፋጠኛ፣ ፓዮን የተባለው ቅንጣት ከፕሮቶን ጋር ሲጋጭ የሚሆነውን ያጠና ነበር፤ ኢላማውን መሣሪያው ውስጥ የምታዞረውን ትንሽ ጋሪ የሠራትም ራሱ ነው። በ1954 ኳንተም ሜካኒክስ ሲያስተምር፣ ተማሪዎቹ ጽሑፍ በመገልበጥ እንዳይጠመዱ የየዕለቱን ትምህርት በእጁ ጽፎና አባዝቶ ያድላቸው ነበር፤ በእያንዳንዱ ትምህርት መጨረሻም አንድ የሚሠሩት ጥያቄ ያወጣላቸዋል። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 28 በካንሰር ሞተ፤ ዕድሜው 53 ነበር። የዚያን ትምህርት ማስታወሻ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በ1961 የእጅ ጽሑፉን እንዳለ አሳተመው።