የላካዋና ሸለቆ ሥዕል ታሪክ

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ዓ.ም. ጆርጅ ኢነስ በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሁድሰን ወንዝ ዳር ባለችው በኒውበርግ ተወለደ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ነበረበትና ትምህርቱ ተቆራረጠበት፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ አደረ። ካደገም በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ፣ የባርቢዞን ሠዓልያን ዛፍና መስክ እንዴት እንደሚሥሉ አይቶ ተመለሰ።

በዚያም ወራት በፔንሲልቬኒያ ግዛት ስክራንተን የምትባለው ስፍራ በብረትና በድንጋይ ከሰል ምክንያት በጥቂት ዓመት ከተማ ሆነች። በ1855 ዓ.ም. የዴላዌር፣ ላካዋናና ዌስተርን ምድር ባቡር ኩባንያ ኢነስን አስጠርቶ ሀዲዱን፣ ባቡሩንና ባቡሮቹ የሚያድሩበትን ክብ ቤት እንዲሥልለት አዘዘው። ዋጋውም 75 ዶላር ነበር ይባላል። ልጁ በኋላ እንደ ጻፈው፣ የኩባንያው አለቃ ገና ያልተዘረጋ ሀዲድ ጨምረህ ሣል አለው፤ የኩባንያውም ስም በባቡሩ ላይ እንዲጻፍ ፈለገ። ሠዓሊው በዚህ አዘነ፣ እንቢም አለ፤ ነገር ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ነበርና በመጨረሻ እሺ አለ።

የሥዕሉም ነገር እንዲህ ነው። ከፊት፣ ከረጅም ዛፍ አጠገብ፣ ቀይ ሰደርያ የለበሰና የገለባ ባርኔጣ የደፋ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ተዳፋቱ ላይ ጋደም ብሏል። ከበታቹ ባቡሩ ነጭ ጢሱን እየለቀቀ ይመጣል፤ ከባቡሩ ወዲያ ክብ ቤቱና ከተማው ይታያሉ፤ ከሁሉም ኋላ ተራሮቹ በጉም ደብዝዘዋል። በልጁና በባቡሩ መካከል ያለው መስክ ግን ጉቶ ብቻ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት ጫካ ነበረና። ይህን የምጽፍ እኔ በዚህ ሥዕል ከሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህን ጉቶ ነው። ኩባንያው የሌለ ሀዲድ አስጨመረው እንጂ የተቆረጠውን ዛፍ አላስደበቀውም። ደግሞም ሠዓሊው ባቡሩን አልጠላውም፤ ለጢሱም ለተራራውም ያንኑ ለስላሳ ብርሃን ሰጣቸው።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው ሥዕሉን ከእጁ አወጣው። ብዙ ዘመንም አለፈ፤ ኢነስም በአሜሪካ ከታወቁት ሠዓልያን አንዱ ሆነ። በ1891 ዓ.ም. ሜክሲኮ ከተማ ሳለ፣ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይህን የገዛ እጁን ሥራ አገኘ። ሻጩም ከአንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃ ጋር እንደ ገዛው ነገረው ይባላል። ኢነስም ገዝቶ ወሰደው።

በ1894 ዓ.ም. ኢነስ በስኮትላንድ ዐረፈ። ሥዕሉም በ1945 ዓ.ም. በዋሽንግተን ላለው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር በስጦታ ተሰጠ።