የሚጠበው ቦዩ ነው

ስፓይናል ስቴኖሲስ የሚባለውን የአከርካሪ ሕመም «የኅብለ ሰረሰር መጥበብ» ማለት እየተለመደ ነው። ስህተት ነውና ሥር ሳይሰድ ይታረም።

ኅብለ ሰረሰር አይጠብም። «ሐብል» በግእዝ ገመድ ነው፤ አንገት ላይ የሚጠለቀውን ሀብል የምንለውም ከዚያው ነው። ገመድ ይላላል፣ ይቀጥናል፣ ይበጠሳል፤ የሚጠበው ገመዱ የሚያልፍበት የአጥንት መተላለፊያ ነው። በዚያ ላይ ሕመሙ የሚበዛው ታችኛው ወገብ ላይ ነው፤ ኅብለ ሰረሰር ግን በአዋቂ ሰው አንደኛው ወይም ሁለተኛው የወገብ አጥንት አጠገብ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው የነርቭ ሥሮች ዘለላ ነው። ታዲያ በዚያ ቦታ የሌለ ነገር እንዴት ጠበበ ይባላል? ሆላንዳዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሄንክ ቨርቢስት እ.ኤ.አ. በ1954 ሕመሙን ባስተዋወቀበት ጽሑፍ ርእስ ላይ እንኳ ጠበበ ያለው መተላለፊያውን ነው።

«የአከርካሪ ጠባብነት» የሚሉም አሉ። ጠባብነት ስንት ዘመን የፖለቲካ መዝለፊያ የነበረ ቃል ነው፤ ለታማሚ አይሰጥም። «የአከርካሪ ቱቦ» የተሻለ ነው፤ ቱቦ ግን ጎኑ ድፍን ነው። የአከርካሪው መተላለፊያ በየአጥንቱ መጋጠሚያ ግራና ቀኝ ነርቭ የሚወጣበት ክፍተት አለው፤ ልክ ውኃው እየተከፈለ ወደየማሳው እንደሚገባበት ቦይ። ስለዚህ «የአከርካሪ ቦይ ጥበት» እላለሁ።

«ጥበት» ያልኩት አስቤበት ነው። «መጥበብ» ሰፊ የነበረው ጠበበ ያሰኛል። ብዙዎች ላይ እውነት ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወደ ቦዩ ይወጣል፣ ጅማቱ ይወፍራል፣ አጥንቱ ጉጥ ያወጣል። ነገር ግን ከተፈጥሯቸው ቦያቸው ጠባብ የሆነ ሰዎችም አሉ። «ጥበት» ሁለቱንም ይይዛል።

ከምባታ ውስጥ ባለችው አንጋጫ ይህ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ነርሷ የአማርኛውን ስም ለአዛውንቱ በከምባትኛ ማስረዳት አለባት። ኅብለ ሰረሰር ጠበበ የሚለውን ምን ብላ ትመልሰዋለች? ቦይ ግን ገበሬ ሁሉ በእጁ የቆፈረው ነው። አዛውንቱም ምልክቱን ያውቁታል፦ ትንሽ ሲራመዱ እግራቸው ይደነዝዛል፣ ይከብዳል፤ ቁጭ ሲሉ ወይም ምርኩዝ ላይ ጎንበስ ሲሉ ይለቃቸዋል። ወደ አምበሪቾ ተራራ ሽቅብ ከመውጣት ቁልቁል መውረዱ ይብስባቸዋል፤ ሽቅብ ሲወጣ ጎንበስ ስለሚባል ቦዩ ሰፋ ይላል፣ ቁልቁል ሲወረድ ቀጥ ስለሚባል ይጠባል። ብዙ ጊዜ ግን «ብርድ ነው»፣ «ነርቭ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕክምናው የሚጀመረው በፊዚዮቴራፒና በማስታገሻ ነው። መርፌም አለ፤ እፎይታው ግን ብዙ ጊዜ አይዘልቅም። ይህ ካልበቃና መራመድ ካቃተ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በጭኖች መካከል ከደነዘዘ ወይም እግር በድንገት ከዛለ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል።

ላሚኔክቶሚ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና «አከርካሪ መቁረጥ» የሚሉት ሰዎች ስንቱን ታማሚ አስፈርተው ከቤት አስቀርተዋል። ሐኪሙ የሚያነሣው ቦዩን ከኋላ የሸፈነውን ስስ አጥንት ነው፤ ነርቮቹ ቦታ እንዲያገኙ። ቦይ ካልን ለዚህም ስሙ ደርሶልናል፦ ቦይ ማስፋት።