የቢላቴ አፈር የት ነው የሚያልቀው?

ዱቦ ላይ የዘነበ ዝናብ ባሕር አይደርስም። በአረካና በዱቦ በኩል የሚወርደው ውሃ በወይቦ አድርጎ ኦሞን ይቀላቀላል፤ ኦሞ ደግሞ ቱርካና ሐይቅ ላይ ያበቃል። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ ብላችሁ ቦዲቲ ላይ የዘነበው ግን ቢላቴ ውስጥ ገብቶ አባያ ሐይቅ ይወርዳል። አንዱም ውቅያኖስ አያይም። ውሃው ይተናል፤ ከደጋ ይዞት የመጣው አፈር እዚያው ይቀራል። እኔ በሙያዬ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ሲስተም ሲበላሽ መጀመሪያ የምናየው ሎጉን ነው። የቢላቴ ሎግ አባያ ነው።

ወንዙ ከጉራጌ ተራሮች ደቡብ ምዕራብ ተዳፋት ይነሳል። ሀዲያንና ሀላባን አቋርጦ የስምጥ ሸለቆውን ምዕራባዊ ጠርዝ ይዞ ይወርድና ታች ላይ ወላይታን ከሲዳማ ይለያል። ተፋሰሱ ከ5,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፉ ተራሮች አሉ፤ አባያ ጋ ሲደርስ 1,170 ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱን አስቡት።

ከአርባ ምንጭ በላይ የእግዜር ድልድይን ያየ ሰው ሁለቱን ሐይቆች ያውቃል፤ ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ቀይ ቡናማ። በ1896 ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ አባያን በንግሥታቸው በማርገሪታ ስም ሰየመው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ንግሥቲቱ ቀለሙን ብታየው ደስ ይላት እንደነበር እንጃ።

ቀይነቱን ሁሉ የእኛ ጥፋት ማድረግ ግን ልክ አይመስለኝም። የሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 13 ሜትር ገደማ ስለሆነ ነፋስ የሥሩን ደለል በቀላሉ ያማስለዋል። የአካባቢው አፈርም ብረት የበዛበት ቀይ ነው፤ ማንም ባያርሰው ዝናብ ይወስደዋል። ሰው መኖሩም አዲስ ነገር አይደለም፤ ዳሞታ ተራራ ጎን ያለው የሞቼና ቦራጎ ዋሻ ከ50,000 ዓመት በላይ የቆየ የሰው ሥራ ይዟል። እና መጠየቅ ያለበት በቅርብ ዘመን ምን ተጨመረበት የሚለው ነው።

መልሱ ጓሮ ውስጥ ነው ያለው። የወላይታ ገበሬ ቤቱ አጠገብ ያለውን፣ በፍግ የዳበረውን ጠቆር ያለ አፈር ዳርኳ ይለዋል። ራቅ ብሎ ያለው ቀዩ የእህል ማሳ ሾቃ ነው። ዳርኳ ላይ እንሰትና ቡና ይበቅላል። እንሰት ለመብላት እስኪደርስ ዓመታት ይፈልጋል፤ በነዚያ ዓመታት ሁሉ ሰፊ ቅጠሉ ጠብታውን እየተቀበለ፣ ሥሩ አፈሩን ይዞ ይቆያል። ግን እንሰት ፍግ ይፈልጋል፣ ፍግ ከብት ይፈልጋል፣ ከብት ደግሞ ግጦሽ። ሕዝቡ ሲበዛ መሬቱ በልጅ በልጅ ልጅ እየተከፋፈለ ዛሬ ብዙ ቤተሰብ ግማሽ ሄክታር እንኳ የለውም። ግጦሹ ታረሰ፣ ከብቱ ቀነሰ፣ ዳርኳው ጠበበ፣ ሾቃው ዳገት ላይ ወጣ። እሱ ላይ በቆሎ ይዘራል። በቆሎ ደግሞ የሚዘራው ዝናቡ ሲጀምር ነው፤ ማሳው ልክ ራቁቱን በሆነበት ሰዓት! የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ የሚያገኘው ልቅ አፈር ነው። ገበሬው አላወቀበትም የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለሁለቱ አፈሮች ስም ያወጣው እሱ ነው። ያጣው መሬት ነው።

መንግሥትም ችግሩን ያየው ዘግይቶ አይደለም። በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የወላይታ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ተቋቋመ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አከፋፈለ። ከዚያ በተጨማሪ ደጋ ላይ መሬት ያጠራቸውን ቤተሰቦች ቆላ አወረደ፤ አባያ አጠገብ አበላ፣ በኦሞ በኩል ደግሞ በሌ። ቆላው በወባና በከብት ገንዲ ምክንያት ብዙ ሰው የማይደፍረው አገር ነበር። ጫካው ለማሳ ተመነጠረ። ቢላቴ ዳር ደግሞ በወንዙ ውሃ የሚለማ ሰፊ የትምባሆ እርሻ መጣ። ለሰፈረው ቤተሰብ መሬት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ይህን አልክድም። ለወንዙ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። ከደጋ የመጣውን ጎርፍና ደለል ቀዝቀዝ የሚያደርገው የዳርቻው ቁጥቋጦ ሳሳ፤ ቢላቴ ከመኝታው ሲወጣ የሚያገኘው የሰው ማሳና ቤት ሆነ።

ይህ ሎግ የማይመለስ ይመስል ነበር፣ ሁምቦ እስኪመጣ። ከሶዶ ደቡብ ያለው የሁምቦ ተራራ ተራቁቶ፣ ጎርፉ በየክረምቱ እግርጌው ያሉትን ማሳዎች ያጥለቀልቅ ነበር። በ2006 በወርልድ ቪዥን አስተባባሪነት 2,728 ሄክታር ተከለለ። የሚገርመው አብዛኛው ችግኝ አልተተከለም! ዛፎቹ ከመሬት በላይ ተቆርጠዋል እንጂ ሥራቸው አልሞተም ነበር። ጉቶው ያወጣውን ብዙ ቀንበጥ ገበሬዎቹ መርጠው ጥቂቱን አስቀሩ፣ ሌላውን ገረዙ፣ ከብት እንዳይገባ ጠበቁ፤ ሥሩ የቀረውን ሠራ። ሰባት ማኅበራት የደኑን የተጠቃሚነት መብት በወረቀት አገኙ። በ2009 ደግሞ ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የካርበን ንግድ ሥርዓት ተመዘገበ። ለእኔ ዋናው ወረቀቱ ነው። በየዓመቱ እርከን የሚሠራበት ዘመቻ ብዙ አይተናል፤ ክረምት ሲመጣ ግማሹ ይናዳል፣ የማን እንደሆነ ስለማይታወቅ ማንም አይጠግነውም። ሁምቦ ላይ ግን ዛፉ ባለቤት ነበረው።

2,728 ሄክታር ማለት 27 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የሁምቦ ውሃ በራሱ ጅረቶች ወደ አባያ ይወርዳል እንጂ ቢላቴ ውስጥ አይገባም፤ ግን ለንጽጽር ያህል ከቢላቴ ተፋሰስ ግማሽ በመቶ ገደማ ማለት ነው። ጎግል ኧርዝ ላይ ከ1984 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ምስል ዓመት በዓመት ማሳለፍ ይቻላል። ሁምቦ ጋ ቆሙና ተራራው ሲያረንጓድድ እዩት። ከዚያ ወደ ሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ቢላቴ ወደሚገባበት ሂዱ። እዚያ አሁንም ቀይ ነው።