በውሾችና በድመቶች ላይ የሚከሰት የጡት ዕጢ፦ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

የጡት ዕጢ በጡት ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ከልክ በላይ ሲራቡ የሚፈጠር እባጭ ነው። ባልመከኑ ሴት ውሾች ላይ በብዛት ከሚታዩት የዕጢ ዓይነቶች አንዱ ሲሆን ዕድሜያቸው የገፋ ድመቶችንም ያጠቃል፤ በወንዶቹ ላይ እምብዛም አይታይም። ወደ ሌላ እንስሳም ሆነ ወደ ሰው አይተላለፍም። በመተማ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ውሻ በረትና የሰሊጥ እርሻ ትጠብቃለች፣ ድመትም እህልን ከአይጥ ትከላከላለች፤ ሆኖም ሥራቸውን እስካላቋረጡ ድረስ ሆዳቸውን የሚዳብስ ሰው ጥቂት ነው።

ውሻ አብዛኛውን ጊዜ 5 ጥንድ፣ ድመት ደግሞ 4 ጥንድ ጡቶች አሏት። በውሻ ላይ ዕጢው የሚበዛው ወደ ኋላ እግሮች በቀረቡት ጡቶች ነው። በወር አንድ ጊዜ በጎኗ አስተኝቶ እያንዳንዱን ጡት በጣት መዳበስ ይገባል። ዕጢው ሲጀምር የማሽላ ፍሬ የሚያህል፣ ጠጠር ያለና ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው ነው፤ ችላ የሚባለውም ስለማያም ነው። በቅርቡ የወለደች ውሻ ጡቷ ቢግል፣ ቢያምና መግል ቢወጣው ግን የጡት ብግነት ሊሆን ስለሚችል ቡችሎቹም ጭምር ፈጥነው መታየት አለባቸው። በወጣት ድመት ላይ ጡቶች ሁሉ ባንድ ጊዜ ቢያብጡ ብዙውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆን በሆርሞን ምክንያት የሚመጣ እብጠት ነው።

በውሾች ላይ ከሚገኙት የጡት ዕጢዎች ግማሽ ያህሉ፣ በድመቶች ላይ ደግሞ ከ10ሩ 8 ወይም 9ኙ ካንሰር ናቸው። በመሆኑም በድመት ጡት ላይ የተገኘ እባጭ “እስኪ ይታይ” ተብሎ የሚቆይ አይደለም። ድመቷ ዕጢው ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ በቀዶ ሕክምና ከወጣላት ከ3 ዓመት በላይ የመኖር ዕድል አላት፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ በኋላ ግን ዕድሜዋ በአብዛኛው በወራት ይቆጠራል። ካንሰሩ ከሁሉ በላይ ወደ ሳንባ ስለሚዛመት ሳልና የትንፋሽ ማጠር ዘግይተው የሚመጡ ምልክቶች ናቸው።

ባለቤቶች በቅድሚያ በወረዳቸው ወደሚገኘው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ መቅረብ ይኖርባቸዋል። የቀዶ ሕክምና መሣሪያና ማደንዘዣ በየክሊኒኩ ላይኖር ይችላል። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከመተማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ከመነሳት በፊት በክሊኒኩ ባለሙያ በኩል አገልግሎቱ መኖሩን ማረጋገጥ ወጪና ድካም ያድናል። ውሻዋ አፏን በጨርቅ ታስራ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ማስረጃዋም ተይዞ ልትቀርብ ይገባል።

ዕጢውን በጋለ ብረት መተኮስ ወይም በምላጭ መብጣት ካንሰሩን አያጠፋውም፤ በቆላው ሙቀት ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ጥሎ በትል እንዲሞላ ያደርገዋል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻም አይሰጥ። አንድ የፓራሲታሞል እንክብል ድመትን ሊገድል ይችላል።

ከሁሉ የተሻለው መከላከያ በጊዜ ማምከን ነው። በአሜሪካ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1969 የታተመ ሥራ እንዳመለከተው፣ ከመጀመሪያው የስሪያ ወቅት በፊት የመከነች ውሻ ስጋት ካልመከነችው 0.5 በመቶ ብቻ ነው፤ ከአንድ ወቅት በኋላ 8፣ ከሁለት በኋላ 26 በመቶ ይደርሳል። ቁጥሮቹን ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቢከራከሩባቸውም፣ ቀድሞ ማምከን በባለሙያዎች ዘንድ አሁንም የሚመከር ነው። እርግዝናን ለመከላከል የሚሰጡ የፕሮጄስትሮን ዓይነት መርፌዎች በአንጻሩ የዕጢውን ስጋት ይጨምራሉ።

በሽታው ተዛምቶ ሐኪሙ እንስሳዋን ያለ ሥቃይ እንድትሞት ካደረገ፣ መድኃኒቱ በሥጋዋ ውስጥ ስለሚቆይ ጅብና አሞራ እንዳይመረዙ ሬሳዋ በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለበት።