ሳይቃጠል በቅጠል፤ ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች

ደካማን መጦር በጎ ሥራ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን በጎ አሳብ ብቻውን ደካማን አያድንም። ዕውቀት፥ ጥንቃቄና ተቆጣጣሪ ካልተጨመረበት፥ ለርዳታ የተከፈተ ቤት እንኳ ወጥመድ ይሆናል። ይህንንም የአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ታሪክ ያስረዳናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቀድሞ በዚያ አገር ጧሪ ያጣ ሽማግሌ የሚገባው መንግሥት ወደሚያስተዳድረው የድኾች ቤት ነበር፤ ኑሮውም ውርደት የበዛበት ነበር። በ1935 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ለችግረኛ አረጋውያን የገንዘብ ርዳታ ሲፈቅድ፥ በዚህ ዓይነት የመንግሥት ቤት ለሚኖሩት ግን እንዳይከፈል ከለከለ። አሳቡ ሽማግሌው ከውርደት ቤት ወጥቶ በክብር እንዲኖር ነበር። ዳሩ ግን ራሱን መርዳት የማይችለው በሽተኛ ወዴት ይሂድ? ስለዚህ ገንዘቡን እየተቀበሉ አረጋውያንን የሚያኖሩ የግል ቤቶች በየስፍራው ተከፈቱ። ከነዚህም ብዙዎቹ ለሌላ ጉዳይ የተሠሩ አሮጌ ሕንፃዎች ነበሩ፤ በሚገባ የሚመረምራቸውም አልነበረም።

የዚህ ቸልተኝነት ዋጋ በ1957 ዓ.ም. ተከፈለ። በፌብሩዋሪ 17 ቀን፥ እሑድ ከቀትር በኋላ፥ በሚዙሪ ግዛት በዋረንተን ከተማ ቀድሞ የኮሌጅ ሕንፃ የነበረ መጦሪያ ቤት ተቃጥሎ 72 ሰዎች አለቁ። እሳት ሲነሣ በራሱ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ በቤቱ ውስጥ አልነበረም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ፥ በኖቬምበር 23 ቀን 1963 ዓ.ም. ገና ሳይነጋ፥ በኦሃዮ ግዛት በፊችቪል መንደር አጠገብ ሌላ መጦሪያ ቤት ተቃጠለ። በዚያ ሌሊት ካደሩት 84 አረጋውያን 63ቱ ሞቱ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደሉት በዋዜማው ስለ ነበረ፥ የዓለም ጆሮ ሁሉ ወደዚያ ዞሮ የነዚህን ሽማግሎችና ባልቴቶች ሞት ልብ ያለው ጥቂት ነው። ማንነታቸው ያልታወቀ ወይም ተቀባይ ዘመድ ያልተገኘላቸው 21 አስከሬኖች በአንድ ረዥም መቃብር አብረው ተቀበሩ።

በ1965 ዓ.ም. ሜዲኬርና ሜዲኬድ የተባሉት የሕክምና ርዳታዎች ሲቋቋሙ የመንግሥት ገንዘብ ወደ መጦሪያ ቤቶች በብዛት ይፈስ ጀመር። ነገር ግን ገንዘብ አልጋን ይገዛል እንጂ ሌሊት ነቅቶ የሚጠብቅ ልብን አይገዛም። በ1986 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት ባወጣው የጥናት ጽሑፍ በብዙ ቤቶች የሚሰጠው ጥበቃ እጅግ ጎደሎ መሆኑን ገለጠ። እሳትስ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ የዕለት ተዕለት ቸልተኝነት ግን ጢስ የለውም። መገላበጥ የማይችል ሰው በጊዜው የሚያገላብጠው ካላገኘ ገላው ቆስሎ ቁስሉ እስከ አጥንት ይዘልቃል። ተነሥቶ እንዳይወድቅ ተብሎ ከወንበር የሚታሰር ሰው ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዳያስቸግር ተብሎ የሚያፈዝ መድኃኒት የሚሰጠው ደግሞ በቁሙ ይረሳል።

በዚህ ምክንያት በ1987 ዓ.ም. አዲስ ሕግ ወጣ። ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መጦሪያ ቤት ሁሉ የእያንዳንዱን ነዋሪ ሁኔታ መርምሮ የአጠባበቁን ዕቅድ እንዲጽፍ፥ ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ማንንም በማሰሪያ ወይም በመድኃኒት እንዳያስር፥ ረዳት አስታማሚዎችም ቢያንስ የ75 ሰዓት ትምህርት እንዲያገኙ ታዘዘ። መርማሪዎችም ሳያስታውቁ ቢዘገይ በ15 ወር አንድ ጊዜ እንዲመጡና ነዋሪዎቹን ራሳቸውን እንዲጠይቁ ተደነገገ። ከሕጉ በፊት ከ100 ነዋሪዎች ወደ 40 የሚሆኑት ይታሰሩ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ቍጥሩ ከ5 በታች ወረደ። እንግዲህ አይቻልም ይባል የነበረው ነገር ይቻል ኖሯል።

ውሃ የሚረጨው መሣሪያ ግን በነዚህ ቤቶች ሁሉ እንዲገባ የተወሰነው የመጨረሻ ቀን ኦገስት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። ከዋረንተን እሳት እስከዚያ 56 ዓመት አለፈ። የዋረንተንን ወሬ በ24 ዓመቱ የሰማ ወጣት፥ ትእዛዙ ሲፈጸም የ80 ዓመት ሽማግሌ ሆኗል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ይህ የሩቅ አገር ነገር ነው ብለህ አትለፈው። በአገራችን ሽማግሌ በልጁ ቤት መጦሩ የቆየ ልማድ ነው፤ ሆኖም ልጅ የሌለው ወይም ልጁ የተሰደደበት በመጦሪያ ቤት ይኖራል። በአሜሪካም መጦሪያ ቤቶች በአስታማሚነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ አንድ ቀን ወይ አስታማሚ፥ ወይ ጠያቂ፥ ወይ ተጧሪ መሆንህ አይቀርም።

ሽማግሌ ልትጠይቅ በሄድህ ጊዜ ብርቱካን ይዘህ መግባትህ መልካም ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አትመለስ። ሌሊት ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ጠይቅ፤ መውጫው በር ያለ ችግር መከፈቱን እይ፤ ተረከዙና ጀርባው አለመቍሰሉን አረጋግጥ። በማትጠበቅበትም ሰዓት ተመልሰህ ና። ሠራተኛውን ከማነጋገርህ በፊት ሽማግሌውን ራሱን ለብቻው አነጋግረው። እርሱ የሚፈራውን ነገር ካጫወተህ፥ ለሚመለከተው ሰው በአክብሮት አስታውቅ፤ እስኪታረምም ድረስ መጠየቅህን አትተው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ማለታቸው፥ በቅጠል የሚጠፋውን እሳት በጊዜው እንድናጠፋ ነው።