ኒድ ፎር ስፒድ፦ አንደርግራውንድ

ኒድ ፎር ስፒድ፦ አንደርግራውንድ በካናዳው ኢኤ ብላክ ቦክስ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2003 በኤሌክትሮኒክ አርትስ አሳታሚነት የወጣ የመኪና እሽቅድምድም የቪዲዮ ጌም ነው። ከአንዳንድ ቀደምት የኒድ ፎር ስፒድ ጌሞች በተለየ የፖሊስ ማሳደድ የለበትም። እንደ ሆንዳ ሲቪክና ማዝዳ አርኤክስ-7 ያሉ መኪናዎች በሌሊት በከተማ መንገድ ይወዳደሩበታል።

ከውድድሮቹ አንዱ ድሪፍት ነው። በድሪፍት አሸናፊው የሚለየው በሰዓት ሳይሆን በነጥብ ነው። ተጫዋቹ መኪናውን በጎን እያንሸራተተ ኩርባውን ሲያልፍ ነጥብ ይቆጠርለታል፤ ግድግዳ ከመታ ግን የዚያ ሸርተቴ ነጥብ ይሰረዝበታል።

ተጫዋቹ በውድድር ባገኘው ገንዘብ ሞተሩን፣ ቱርቦውንና ጎማውን ያሻሽላል፤ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ቸርኬና ቀለም ይቀይራል፤ ከሥር የኒዮን መብራት ያስገባል። ያማረ መኪና የስታይል ነጥብን ስለሚያበዛ ማስዋቡ ለታይታ ብቻ አይደለም።

በኮምፒውተርና በፕሌይስቴሽን 2 ተጫዋቾች ባስዋቧቸው መኪናዎች በኢንተርኔት ይወዳደሩ ነበር። ይህ ውድድር በአሳታሚው ሰርቨሮች ላይ የተመሠረተ ስለነበር ሰርቨሮቹ ሲዘጉ አብሮ ቆሟል። ለብቻ የሚጫወቱት ክፍል ግን ኢንተርኔት ስለማያስፈልገው ጌሙ ባለው ሰው እጅ አሁንም ይሠራል።